አትሂዱ ወደተባለበት ሰፈር ለሽምግልና

ይህን የምጽፈው እግሬን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክሬ ነው። ከጃማይካ ከተመለስኩ ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ እግሬ ግን ገና አልተመለሰም። እዚሁ አሜሪካ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቱ ታኮማ ፓርክ በአውቶቡስ ደርሼ ስመጣ በማግስቱ ከአልጋ የማልነሳ ሰው፣ ባሕር ተሻግሬ ለሽምግልና ሄድኩ ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ያመንኩት ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን አይቼ ነው። ወደዚያ የመሄድ ሐሳቡም አቅሙም የሌላችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ድካሙን እኔ ጨርሼላችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺ የምትባል፣ ባሏ ከሞተባት ብዙ ዓመት የሆናት ጎረቤት አለችኝ። ቀን በአረጋውያን መጦሪያ አዛውንት ስታገላብጥ ትውልና፣ ማታ ኮል አድርጋ መድኃኒቴን መዋጤን ትጠይቀኛለች። በእኔ ላይ የማይከፈላት ትርፍ ሰዓት ትሠራለች ማለት ነው። አንድ ልጇ ናሆም፣ ካዲያን የምትባል ጃማይካዊት ነርስ ይወዳል። ልጅቷም ትወደዋለች። ናሆምን ያልወደደው አባቷ ነው። ሚስተር ዊንስተን ይባላል፤ ሞንቴጎ ቤይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይኖራል። ካዲያን ደግሞ አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም ብላ ቁርጧን ተናገረች። እንግዲህ አባትየውን እሺ የሚያሰኝ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሕንጻችን ውስጥ ካሉት ሽበታሞች ሁሉ ሊፍቱ ሲበላሽ በራሱ እግር ደረጃ የሚወጣው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ። ሌላው በጥበቡ ይመረጣል፣ እኔ በጉልበቴ ተመረጥኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ እዚሁ አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ይልማ ነው። ጡረታ እስክንወጣ አብረን ታክሲ ነድተናል፤ አብረን ስንጨቃጨቅም ኖረናል። ስኳር አለበት። ሐኪሙ የሚከለክለውን ሁሉ የሚያውቅና አንዱንም የማይተው ሰው ነው።

የሺ ለሽምግልናው ብትጓጓም አገሩን ፈራች። የአሜሪካ መንግሥት ስለዚያ አገር ያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ስልኳ ላይ እየጎተተች፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን። ሲመሽ አትንቀሳቀሱ። እነዚህ እነዚህ ሰፈሮች ድርሽ አትበሉ። የማታውቁት መኪና ውስጥ አትግቡ። ስልካችሁን ይዛችሁ አትውጡ። መንግሥት የቱ ጋ እንዳበቃና የሺ የቱ ጋ እንደጀመረች መለየት አልቻልኩም። በመጨረሻ፣ ሆቴሉ አጥርም ዘበኛም አለው፣ ሰውየው እዚያው መጥቶ ያነጋግራችሁ፣ እናንተ ግን ከግቢው ንቅንቅ እንዳትሉ አለችን። «እሺ» አልኳት። የእኛ «እሺ» ስንት ዓይነት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ሐሙስ። ናሆም ይልማን ከአሌክሳንድሪያ አምጥቶ፣ እኔን ከቤቴ ደጃፍ ጭኖ፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ባልቲሞር አውሮፕላን ማረፊያ ነዳ። ይልማ ፊት ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እኔ ከኋላ፣ የሺ ለሚስተር ዊንስተን የላከችውን ጋቢ ታቅፌያለሁ። ናሆም በመስታወቱ ያየኛል፤ ከዚያ መንገዱን ያያል፤ ደግሞ እኔን።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ፕሊስ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ።»

ባለፈው ገና እሱ ራሱ ሄዶ ነበር ለካ። እናቱ እንዳዘዘችው ከባሕር ዳሩ ሆቴል ሳይወጣ፣ ሰውየውን «እዚህ ይምጡና እንተዋወቅ» አለው። ሚስተር ዊንስተን የእሑድ ሱፉን ለብሶ፣ ከጓሮው ማንጎ ለቅሞ በከረጢት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ዘበኞቹ እንግዳ አይደለህም ብለው አቆሙት፤ የምትፈልገው ሰው ወጥቶ ያስገባህ አሉት። ናሆም ደግሞ መዋኛው ውስጥ ነው። ስልኩ ክፍሉ ውስጥ ይጮኻል። ሰውየው እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ ከረጢቱን በሩ ብረት ላይ አንጠልጥሎ ሄደ።

«ማንጎውንስ በላኸው?» አለ ይልማ ዓይኑን ሳይገልጥ። ተኝቷል ብለን ነበር።

ናሆም ጥያቄውን ዘሎ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ሚስተር ዊንስተን የናሆምን ስልክ አንስቶ አያውቅም። ለልጁ ግን አንድ ቃል ልኮባታል፦ አንቺን የሚፈልግ መጥቶ ግቢዬን ይርገጥ።

ልጠይቅ ብቻ ሄጃለሁ ስል ለካ ላስታርቅም ኖሯል። ሰውየው የሚኖርበት ሰፈር ደግሞ የሺ በስልኳ ካነበበችልን ድርሽ አትበሉ ከተባሉት አንዱ ነው። ጋቢው ጭኔ ላይ ከበደኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቴን የት እንደማደርገው ስፈልግ ጃማይካ ደረስን። ከበሩ ስንወጣ ሙቀቱ የድሬዳዋ ዘመድ ይመስል አቅፎ ሳመን። የይልማ ሻንጣ አልመጣም፤ የሽምግልና ሱፉን ይዞ ወዴት እንደበረረ እግዚአብሔር ይወቀው። መድኃኒቱ በእጁ ቦርሳ መሆኑ በጀን እንጂ። ጉምሩክ ላይ ደግሞ አንዲት ወጣት ጋቢውን ዘርግታ ምንድን ነው አለችኝ። ብርድ ልብስ ብጤ ነው አልኳት። ጃማይካ ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ለማየት ባልደረቦቿን ጠራች። ሁሉም በየተራ ዳሰሱት፤ አንዱ ተከናንቦ አየው። ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከራሴ ጋር ተጣልቼ የት እደርሳለሁ?

ወደ ሆቴል የወሰደን ሹፌር ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ስለ ንጉሡ ጠየቀን፤ በዓይናችን አይተናቸው እንደሆነ። ይልማ ዘውድ የተጫነለት ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እኔ እውነቱን ነገርኩት፦ ልጅ ሳለሁ መንገድ ዳር አሰልፈውን ሲያልፉ አጨብጭቤያለሁ፣ ያየሁት ግን መኪናቸውን ነው። ሹፌሩ ይህም ይበቃል አለ።

ዓርብ። ሆቴሉ ስንገባ አንጓችን ላይ የፕላስቲክ አምባር አሰሩልን፤ የሺ አዛውንቶቿ እጅ ላይ የምታስረውን ዓይነት። ጠዋት ተነስቼ ዙሪያውን ስቃኝ የት እንዳለሁ ገባኝ። ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፤ የሚያልፍ ሁሉ እንደ ሕፃን ፈገግ ይልልሃል፤ ከግቢ መውጣት ብቻ አይወደድም። መጦሪያ ቤት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው! የሺ ዕድሜ ልኬን ስፈራው የኖርኩትን ቦታ ባሕር ጨምራበት ከፈለችልኝ።

ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው ስንላት አንዲት ወፍራም ወጥ ቤት ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ካላሉ የሚሉትን ጎመን መሰል ቅጠልና የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ አመጣችልን። የዳቦ ፍሬ ከዛፍ የሚለቀም ነገር ነው፤ ሲጠበስ ድንችም ዳቦም ይሆናል። ይልማ ይህ ዛፍ ወሎ ቢበቅል ኖሮ አለና ዝም አለ። እኔም አልጨረስኩለትም።

ከሰዓት በኋላ ይልማ የሚለብሰው ፍለጋ ሆቴሉ ሱቅ ገባን። ያለው ሸሚዝ ሁሉ በቀቀን የተሣለበት ነው፤ በቀቀን የሌለበት ካለ ብለን ብንጠይቅ ዓሣ ያለበት አመጡልን። በቀቀኑን ወሰደ። ለካዲያን አክስት ለአንት ሜርልም ስልክ ደወልን፤ ከወንድሟ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። መጥተናል፣ ግን የምንመጣው ወደ እናንተ ነው፣ እናንተ ወደ እኛ አትመጡም አልናት። እሷም ትሬቨር የሚባለውን ጎረቤታቸውን በመኪና እንደምትልክልንና ከእሱ መኪና በቀር የማንም መኪና ውስጥ እንዳንገባ አዘዘችን። የሺ በእንግሊዝኛ የምትናገር መሰለኝ።

የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፈርቻለሁ፤ ምን ልደብቃችሁ። ይልማም ከጎኔ አልጋ ላይ ይገላበጣል። «የሚያፍን ሰው እኛን አፍኖ ምን ያገኛል?» አለኝ። እኔም የአፋኙ ነገር አሳዘነኝ። መድኃኒታችንን በሰዓቱ ካልሰጠን እንሞትበታለን፤ ከሰጠን ደግሞ ወሬያችንን አይችለውም።

ቅዳሜ። የሺ እንዳለችው ስልካችንን ክፍላችን ውስጥ ቆለፍን። ለደኅንነታችን ያደረግነው ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ኋላ ጉድ አፈላ። ይልማ ቁርስ አልበላም። ቃል ከተሰጠን በኋላ መቼም ድግስ አይቀርም፣ ሆዴን ባዶ ላድርግ አለ። መድኃኒቱን ግን ውጧል። እኔ ሱፌን ለብሼ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ፤ እሱ በቀቀኖቹን ለብሷል። ስንሄድ ያየን ሰው አንድ ካህንና አንድ የሰርከስ ሰው ሳንመስለው አንቀርም።

ትሬቨር ግቢ መግባት ስላልተፈቀደለት እኛ ወደ በሩ ወጣን። ዘበኛው ወዴት ናችሁ አለን። የሰፈሩን ስም ነገርነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በየስልኩ የጠፋው ይበቃዋል። ዘበኛው ቅንድቡን ሰቀለ፣ ግራ ቀኝ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኔም የምኖረው እዚያ ነው፣ ለአንት ሜርል ሰላም በሉልኝ አለን።

እዚያ አገር በግራ ነው የሚነዱት። እድሜዬን ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና ትሬቨር በታጠፈ ቁጥር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። የእግሬ ማበጥ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። አስፋልቱ አልቆ አቀበቱ ሲጀምር ጉድጓዱ፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ ከአጥር በላይ የሚያዩን የልጆች ዓይኖች፣ ሁሉም የማውቀው ነገር ሆነ። ወታደሮች አስቆሙን። አንዱ አጎንብሶ የይልማን በቀቀኖች አየ፣ የእኔን ጋቢ አየ፣ ወዴት ናቸው ብሎ ትሬቨርን ጠየቀው። ዊንስተን ጋ ሲለው እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ መምጣታችንን ያውቅ ነበር። አንዲት ሴት ልብስ ከምታሰጣበት ሆና መድረሳችንን ወደ ላይ ጮኻ አስተላለፈች፤ ከላይ ሌላዋ ተቀበለቻት። ትሬቨር እየሳቀ፣ እዚህ የሚያሰጋው ማንም የማያውቀው እንግዳ ነው፣ እናንተን አሁን ዶሮውም ያውቃችኋል አለን።

ሚስተር ዊንስተን ማንጎ ዛፉ ሥር ቆሞ ጠበቀን። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከእኔ ትንሽ የሚያንስ ሰው ነው። ሱፍ ለብሷል። ያ ሱፍ መሆኑን ሳልጠይቅ አወቅሁ። ከጥላው ሥር ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ምግብ ተደርድሯል፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ባቄላ፣ በካሪ የተሠራ የፍየል ወጥ፣ ጥብስ ሙዝ። አንት ሜርል ከማለዳ ጀምራ ስትሠራ እንደነበር ፊቷ ይናገራል። ተቀመጡ አለን ሰውየው፣ ወንበሩን በመሐረቡ እየጠረገ።

እኛ አልተቀመጥንም።

ምን እናድርግ? ለሽምግልና የሄደ ሰው ነገሩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም ቃል ሳይሰጠው እህል አይቀምስም። አባቶቻችን ሲያደርጉ ያየነው ይህንን ነው። በሲልቨር ስፕሪንግም በበርክም ስንት ሳሎን ውስጥ ቆመን ሴት ልጅ ጠይቀናል፤ ባለቤቱም ያውቀዋል፣ ተቀመጡ ይላል፣ አንቀመጥም እንላለን፣ እሱ ይለምናል፣ ክብሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ እኔ እጄን አጣምሬ፣ ይቅር ይበሉን፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም አልኩት። አንት ሜርል ቀዝቃዛ መጠጥ አመጣች፣ በእጃችን መለስን። ሳህን ዘረጋችልን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ጎንበስ አልን። ፀሐይዋ በማንጎው ቅጠል መሐል ገብታ አናቴ ላይ ቆመች። ስለ ናሆም አስተዳደግ የተዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ።

የሰውየው ፊት እንደ መስኮት ተዘጋ።

«ወንበሩ ንጹሕ ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ እሱማ...»

«በአገራችሁ ስለዚህ ሰፈር የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። አትሂዱ ይላል። የእህቴን እጅ አትብሉ የሚል ግን አላየሁም። አዲስ ነው?»

አማርኛው ሁሉ አፌ ውስጥ ተጋፍቶ እንግሊዝኛው መውጫ አጣ። ታክሲ ውስጥ የተማርኩት እንግሊዝኛ መንገድ ለመጠየቅና ስለ አየር ለማውራት ነው እንጂ፣ አለመብላት ማክበር መሆኑን ለተቆጣ ሰው የሚያስረዳ አይደለም። ይልማን እንዲያግዘኝ ዞር ብዬ አየሁት። ይልማ ፊቱ አመድ መስሏል። በቀቀኖቹ ላይ ላብ ይንቆረቆራል። «ሰውየው ሁለት ሆነብኝ» አለኝ በአማርኛ፣ ከዚያ እንደ ጆንያ ቁልቁል ሄደ።

ከመሬት በፊት የያዘው ሚስተር ዊንስተን ነው። እኔማ የያዝኩት ጋቢውን ነበር። አንት ሜርል አንድ ጊዜ አይታው «ስኳሩ ወርዶበት ነው» አለች፤ ባሏም የሞተው በዚሁ ነው። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው፤ ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ ሩዝ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ይልማ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ማንኪያውን ነው። ሁለተኛ ያየው እኔን። ዓይኑ ምን እናድርግ ይለኛል፣ አፉ ግን ያላምጣል። አንዱ ሽማግሌ እየበላ ሌላው ቢቆም ያ ሽማግሌ አይባልም፣ የመብራት እንጨት ነው። ጉልበቴም ይህን ምክንያት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ተቀመጥኩ።

ከተቀመጥኩ በኋላ ልሳኔ ተፈታ። አገራችን እንዲህ ነው፣ ቆመን የምንለምነው ስላከበርንህ ነው፣ የማንበላው እሺ ካላልከን ሆዳችን እንዳይወቅስህ ነው አልኩት። አሁን ግን በልተናል፤ ሰው እህል ከቀመሰ በኋላ የሚለምንበት ነገር አይኖረውም፤ እጃችን ባዶ ሆነ አልኩት። ስለ በሩና ስለ ማንጎውም ተናገርኩ። ልጁ አጥፍቷል፣ በፍርሃት ነው ያጠፋው፣ ፍርሃቱን ያስተማርነው እኛ ነን፣ እኔም ዛሬ ስመጣ ፈርቼ ነበር፣ ይቅር በለን አልኩት።

ሚስተር ዊንስተን የሳህኑን ጠርዝ በመሐረቡ ጠረገ።

«እምቢ ብላችሁስ?» አለኝ።

«እንመለሳለን። ደግመን እንመጣለን። እንደገናም እምቢ ካልክ እንደገና።»

«ከአሜሪካ? በየጊዜው?»

«ዱሮ ሽማግሌ የሚላክብህ ጎረቤትህ ነበር» አልኩት።

የሳቀ መሰለኝ፤ ግን ተነሳ። ሳህኑን ሳይነካው ወደ ፊት ገፋው። ወንበሩንም ወደ ኋላ ገፋው።

«እንግዲያው አሁን እኔ ቆሜያለሁ» አለ። «የልጅቷን ነገር እሺ ብያለሁ፤ ልጁ ደህና ልጅ መሆኑን እሷ ነግራኛለች። የእኔን ደግሞ ስሙ። ወደ እናንተ አገር ለመምጣት ቪዛ ጠይቄ ተከልክያለሁ፤ ደግሜ ጠይቄ ደግሞ ተከልክያለሁ። ልጄ እዚያ ብታገባ እዚያም በር ላይ ነው የምቆመው። ሰርጉ እዚህ ይሁን፣ በዚህ ዛፍ ሥር። የልጁ እናት እዚህ ትምጣ። እስክትመልሱልኝ አልቀመጥም፤ አልበላም።»

አንት ሜርል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይሄ ሰው ቆምኩ ካለ ቆመ ነው አለችን፤ ልመና ነበረበት ድምጿ። ስንት ሳሎን ውስጥ የተማመንኩበት መሣሪያ ዞሮ ወደ እኔ ነው የመጣው። በሌላው እጅ ሲታይ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይልማና እኔ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለን በአማርኛ መከርን።

«ሥልጣን የለንም» አለ ይልማ። «የሺ ሆቴል እንኳ ያለ ዘበኛ አታድርም። እዚህ ትመጣለች ብለን ነው ሰርግ የምንደግሰው?»

«እምቢ እንበለዋ?»

«እንደውልላትና ትወስን።»

«በስልክ? ስልካችንስ የታለ? ቁጥሯንስ በቃልህ ታውቀዋለህ?»

ዞር ብዬ ሳይ ሚስተር ዊንስተን እንደቆመ ነው። ከሲታ ትከሻው ላይ ሱፉ ሰፍቷል። በስልክ የሚመጣ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይመስልም ነበር። ያንን በር ላይ ያሳለፈውን ሰዓት ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

ሄድኩና ፊቱ ቆሜ «ትመጣለች» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩት። የሌላ ሰው ፍርሃት ሳላስፈቅድ የሸጥኩ መሰለኝ።

ዓይን ዓይኔን አየኝና ተቀመጠ። በላ። ይልማ ተነስቶ እጁን ዘርግቶ በአማርኛ መረቀ፤ ምርቃቱ ረዘመ፤ ሰውየው አንድ ቃል ሳይገባው በየቦታው አሜን አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣልኩለት። በዚያ ሙቀት እንደ ዳቦ እየጋለ፣ እስክንነሳ አላወለቀውም።

ወሬ ስንጨርስ ፀሐይ ጠለቀች። ትሬቨር ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ከመሸ በዚያ መንገድ አይነዳም። የማስጠንቀቂያውን ቃል አክብረን ሲመሽ አልተንቀሳቀስንም፤ አትሂዱ የተባለበት ቦታ ላይ አደርን። አንት ሜርል አልጋዋን ለቀቀችልን። በር የሚጠብቅ ዘበኛ ሳይኖር ተኛሁ፤ ከጉዞው ሁሉ በደንብ የተኛሁት እዚያ ነው።

እሑድ። ጠዋት ሆቴል ስንመለስ ስልኬ ከጥሪ ብዛት ግሏል። ለካ የሺ ሌሊቱን ሁሉ ስትደውል አድራለች። ስልካችሁን ይዛችሁ አትውጡ ያለችን እሷ ናት፤ ስናደርገው ደግሞ ታፍነዋል ብላ የሞቱ ዘመዶቿን ስም እየጠራች ስታለቅስ ነጋላት። ድምፄን ስትሰማ መጀመሪያ አመሰገነች፣ ቀጥላ ሰደበችኝ። «አንቱ ሰውዬ፣ የት አድረው ነው?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ስመጣ አልኳት። መርዶ ነጋሪ መምሰሌ ኋላ ነው የታወቀኝ። ያንን ቀን ባሕሩን ሳየው ዋልኩ፤ ባሕሩ ስለ ሰርግ ምንም አይልም። የይልማ ሻንጣ ማታ መጣ። ሱፉን አውጥቶ ሰቀለና አየው።

ሰኞ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቴን የማደርግበት ቦታ አሁንም አልተገኘም። ይልማ ባልቲሞር ላይ ከእኔ ጋር ልምጣ እንዴ አለኝ፣ አትምጣ ብዬው ደስ ሲለው አየሁት። ናሆም በመንገድ ምንም አልጠየቀኝም። ካዲያን ነግራዋለች፤ ዓይኑ ቀልቷል። ደጃፍ ሲያደርሰኝ እጄን ይዞ ቆየ።

የሺ ሥራ ሳትገባ ጠበቀችኝ። አልቆምኩም፤ መቆሚያ እግር አልነበረኝም፤ ሶፋዋ ላይ ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኳት። ናሆም ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ ያለውንም ነገርኳት፤ ያንን ዘልዬ የቀረውን መናገር አልቻልኩም። ሰፈሩን ስነግራት ተነሳች። ቃል መስጠቴን ስነግራት ተቀመጠች።

«በር ላይ አቆሙት?» አለች።

«ፀሐይ ላይ።»

«እኔ ነኝ ከሆቴል አትውጣ ያልኩት።»

«አንቺ ነሽ።» ልዋሽላት ፈልጌ ነበር፤ ደከመኝ።

ወደ መስኮቱ ዞረች። የመኪና ድምፅ ከታች ይመጣል። ፈራሁ፤ ከወታደሮቹ ይልቅ ያን ጊዜ ፈራሁ። እምቢ ካለች ያ ሰው አሁንም እንደቆመ ነው።

«ከዚያስ» አለች ፊቷን ሳትመልስ፣ «ትመጣለች ሲሉት ጊዜ... በላ?»

«በላ።»

«አይተውታል?»

«ሳህኑን ጠርጎታል፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ከበላማ ምን ይደረጋል» አለች የሺ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ስልኳን አነሳችና ለሥራ አለቃዋ ኮል አደረገች። ከፋሲካ በኋላ ቬኬሽን እፈልጋለሁ አለቻት በእንግሊዝኛ። ሴትየዋ ወዴት ነው ብላ ጠየቀቻት መሰለኝ። የሺ አንድ ጊዜ ተነፈሰችና «ዘመድ ጋ» አለቻት።